የራዳሜስ ኦሊቮ የመጨረሻ ውል

የቤዝቦል ቡድኑ ሐኪም ዶክተር ኤልመር ፋገን ሞተው የተገኙት ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ባለው የመምቻ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ነበር። መቺ በሚቆምበት ቦታ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ግራ ጆሮ ግንዳቸው ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ፤ አንዲት ኳስ ራሳቸው አጠገብ ወድቃለች። ከፊት ለፊት፣ አሥራ ስምንት ሜትር ርቆ የቆመው ኳስ ወርዋሪ ማሽን የሚወረውረው አጥቶ ባዶውን ያጉረመርማል።

ሳጅን ዶሎረስ ኮዋልቺክ ማሽኑን ራሷ አጠፋችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የጡረታዋን ቀን ከሷ ይልቅ አለቃዋ ነው የሚቆጥረው። ዛሬ የላካትም ሌሎቹ መርማሪዎች በበረዶ ምክንያት ከቤታቸው መውጣት ስላቃታቸው እንጂ ወዶ አልነበረም። በበረዶ መጥረጊያ መኪና ያደረሳት ሾፌር ከማታ በፊት እንዳትጠብቀው ነግሯት ሄዷል። ከሐይቁ የተነሳው ውሽንፍር ከትናንት ቀትር ጀምሮ የሃርገን ፎልስን ከተማ ቀብሯታል። የስታዲየሙ በሮች እስከ ወገባቸው ተውጠዋል፤ በዙሪያውም ከሷ ዱካ በቀር የሰው ዱካ አልነበረም። ገዳይ ካለ ከውስጥ ነው፤ ከውስጥ ያሉት ደግሞ አራት ሰዎች ናቸው። እሷም አምስተኛ ሆና አብራቸው ተዘጋባት።

አራቱን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከተማው ክረምቱን በሙሉ ያወራው ስለነሱ ነው። ራዳሜስ ኦሊቮ አሥራ ሰባት ዓመት ቀዛፊዎቹ ለተባለው የከተማው ቡድን ኳስ የመታ ዶሚኒካናዊ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ቡድኑም የሦስት ዓመት፣ የስድሳ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ውል ሊያስፈርመው ነው። ይገባዋል፣ አይገባውም የሚለው ክርክር በየፀጉር ቤቱ ወንድማማቾችን አጣልቷል። ግራንት ለሜይ ውሉን እዚህ ድረስ የጎተተው ወኪሉ ነው። ትሬቨር ሃሊደይ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ኳስ ሳይነካ በቁጥር ብቻ ለዚህ ወንበር የበቃ የሠላሳ ስድስት ዓመት ልጅ። አራተኛው የመምቻ አሰልጣኙ ዱዌይን ታትል ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ሲሆን፣ አሥራ ሰባቱን ዓመት በሙሉ ጠዋት ጠዋት ለኦሊቮ ኳስ የወረወረለት እሱ ነው። ትናንት ሁሉም ለሐኪም ምርመራ መጡ፤ ዛሬ ቀትር ላይ ውሉ በጋዜጠኞች ፊት ሊፈረም ነበር። በረዶው ቀደማቸውና በየሶፋው ተኝተው አደሩ።

ሬሳውን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያገኘው ሃሊደይ አደጋ መሆኑን ገና ሳትጠይቀው ነገራት። ሐኪሙ ማሽኑን ነካክተውት ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቁት ዕቃ አይደለም። ዶሎረስ ሰምታው ወደ ማሽኑ ሄደች። ኳስ የሚጫንበትን የማሽኑን ሳህን አየች፤ ባዶ ነው። ወለሉን አየች፤ ጥርግ ብሏል። ግድግዳው ሥር እስከ አፉ ኳስ የሞላ ባልዲ ክዳኑ ተገጥሞለት ተቀምጧል። የዶክተሩን ግራ እጅ ቀና ስታደርግ ከሥሩ ጥቁር የፕላስቲክ ማንኪያ ወጣ፤ ሐኪም ዓይን ሲመረምር አንዱን ዓይን የሚሸፍንበት ዓይነት ነው። ጠርዙ ተሰንጥቋል። ለማንም ሳታሳይ በላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ሃሊደይን ቢሮው ውስጥ አነጋገረችው።

«ይህን ውል ትፈልገዋለህ?»

«እኔ ወይስ ኮምፒውተሬ?»

«ሁለታችሁም።»

«ኮምፒውተሬ ሃያ ሚሊዮንም ይበዛበታል ይላል። የቡድኑ ባለቤት ግን የዓመቱን ትኬት በኦሊቮ ፎቶ ሸጠው ጨርሰዋል። እንቢ ካልኩ ዛሬ እባረራለሁ፤ እሺ ካልኩ ደግሞ እሱ መምታት ሲያቅተው እባረራለሁ። እንግዲህ ይምረጡልኝ።»

«ሐኪሙ ጤነኛ አይደለም ብለው ቢጥሉትስ ኖሮ?»

«ግንባራቸውን እስም ነበር» አለና መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣላት። «ግን አልጣሉትም። ትናንት ምሽት ፈርመው ሰጡኝ። ጉልበቱም፣ ልቡም፣ ዓይኑም ጤነኛ ነው ይላል።»

ይህ ወረቀት ነገሩን ገለበጠው። ዶክተሩ ከፈረሙ ውሉን የሚፈልግ ሰው እሳቸውን የሚገድልበት ምክንያት የለም። ምክንያት ያለው ፊርማቸውን የሚጠላ ነው። ሃሊደይም ይህንኑ አሁን ገና አስቦት ነው መሰል፣ ወረቀቱን መልሶ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

ወኪሉ ለሜይ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነበር የጠበቃት። የሞተ ሐኪም ፊርማ ዋጋ እንዳለው ለጠበቃ ደውሎ አረጋግጧል፤ ያውም ሬሳው ከተገኘ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ። ሌሊቱን ስልክ ላይ እንደነበረ ነገራት፤ ስልኩንም አሳያት። ዶሎረስ ጠላችው። መጥላት ግን ማስረጃ ስላልሆነ ተነስታ ወጣች።

ኦሊቮ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። በስተግራው ባለው በር ገብታ ክንዱ አጠገብ እስክትደርስ ዞር አላለም፤ ሲያያት ክው ብሎ ደነገጠ። ከዚህ በፊት ከቅርብ አይታው አታውቅም። ከአባቷ ጋር ርካሹ መቀመጫ ላይ ሆና ስታጨበጭብለት የነበረ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ድካም ስታይ አንጀቷን በላት።

«ፍርሃት ነው ወይስ እንቅልፍ?» አለችው።

«ሁለቱም፣ ሳጅን። በትውልድ ከተማዬ በባኒ ሃያ ሦስት ሰው በኔ ስም ነው የሚያድረው። እሱ ግን ይቅር፤ ያለኝ ይበቃቸዋል።» እጆቹን አየ። «ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ መቺ ነኝ። ይህን ውል ካልፈረምኩ ጠዋት ስነሳ ማን እንደምሆን አላውቅም። መውጫው የት እንደሆነም አላውቅም።»

ዶክተሩ ዓይኑን መርምረውት እንደሆነ ጠየቀችው። ሁሉንም አይተዋል ብሎ አጭር መልስ ሰጣት።

ታትልን ያገኘችው በወጌሻው ክፍል ውስጥ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ የበረዶ ከረጢት አስሮ ነው። እሷና እሱ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው።

«ምን ሆነህ ነው፣ ዱዌይን?»

«ሶፋው ነው፣ ዶሊ። የአንቺ አለቃ የመረጠው ይመስል ድንጋይ ነው።»

«ሰምተሃል ማለት ነው፣ ሊያባርረኝ እንደሆነ።»

«ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ለመሆኑ ራዳሜስ ቁርስ በላ?»

አለመብላቱን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። ስለራሱ ስትጠይቀው፣ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኝቶ እንደነበርና ምንም እንዳልሰማ ነገራት። ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላያትም።

ቀትር ሲሆን አራቱን ለፊርማው በተዘጋጀው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ማይክሮፎኖቹ ተደርድረዋል፤ ባዶ ወንበሮች ፊት ለፊት ይታያሉ። ውሉ ከነብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። መስኮቶቹን በረዶ ስለሸፈናቸው በቀን መብራት በርቷል፤ አየሩም የታፈገ ነበር።

«ማሽን ገድሏቸው ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረች ዶሎረስ «አንድ ወርውሮ አያቆምም ነበር። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ይወረውራል። ወለሉ ላይ ኳስ እንደ ድንች ተበትኖ አገኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ንጹሕ ወለልና የሞላ ባልዲ ነው።»

«ሳህኑ ውስጥ የነበረችው አንድ ኳስ ብትሆንስ?» አለ ሃሊደይ።

«ለአንድ ኳስ ማሽን የሚያስነሳ የለም፣ ልጄ። ሬሳ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ኳስ የለቀመ፣ ባልዲውንም የከደነ ሰው አለ። አንዷን ብቻ ለኛ ተወልን፤ ማሽኑንም አስነሳልን። እስቲ እዚህ ቤት ኳስ የሚለቅመው ማን ነው? አንተ ባልዲው የት እንደሚቀመጥም አታውቅም። አቶ ለሜይ ጎንበስ ማለት አይወዱም። ኦሊቮ ኮከብ ነው፤ ይለቀምለታል እንጂ አይለቅምም። የወረወረ ይለቅማል። የዚህ ሥራ ወግ ይኸው ነው። ሰውየው እንኳን ደንግጦ፣ ቤት ቢቃጠልም እጁ የለመደውን አይተውም። አመል ያወጣል ከመሀል።»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረዋል።

«ደግሞ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ «በጥር ብርድ ሳያሟሙቅ ካልወረወረ በቀር ትከሻው ላይ በረዶ የሚያስር አሰልጣኝ አይቼ አላውቅም። ስንት ወረወርክ፣ ዱዌይን?»

ታትል ከረጢቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አራት» አለ። «የመታቻቸው አራተኛዋ ነች። ወዲያው ነው ያለፉት፤ እጃቸውን ይዤ ተቀምጬ ነበር።»

«ለምን ወረወርክ?»

«ተናደድኩ። ራሳቸውን ብዬ ነው የወረወርኩት።»

ዶሎረስ የተሰነጠቀውን ማንኪያ ከኪሷ አወጣች። ዶክተሩ ይህን ይዘው መቺ የሚቆምበት ቦታ ላይ ወደው እንደቆሙ፣ ግራ ዓይናቸውን እንደሸፈኑ፣ ኳሱም ማንኪያውን ሰንጥቆ እንደገባ አስረዳቻቸው። የሚሸሽ ሰው ዓይኑን አይሸፍንም። ግራ ዓይኑ የማያይ መቺ ኳስ ሲመጣበት ምን እንደሚሆን በራሳቸው ላይ እየሞከሩ ነበር፤ የሚያሳያቸው ደግሞ ታትል ነበር።

«የማን ዓይን ነው ያጣላችሁ?» አለችው።

«የማንም። ተናድጄ ነው አልኩሽ።»

«ዱዌይን፣ ስማኝ። ልታሳያቸው ብለህ ካመለጠህ አንድ ነገር ነው። ፈልጌ ነው ካልክ ግን እስር ቤት ትሞታለህ።»

«ሰምቻለሁ።»

ወይ ፍንክች። ዶሎረስ ማንን እየሸፈነ እንደሆነ ተረዳች፤ ስለተረዳችም ተናደደች። ማንኪያ ለብቻው አይመሰክርም። የሐኪሙ ወረቀት ሁለቱም ዓይን ጤነኛ ነው ይላል፤ የፈረሙትም ሞተዋል። ይህ ሽማግሌ አፉን ከዘጋ ፍርድ ቤት የሚያምነው እሱ ራሱ ያወራውን ውሸት ነው። እሷ ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኦሊቮን ማየት። እሱም ጠረጴዛውን ያያል።

«እንግዲህ አልቋል» አለ ለሜይ፣ ወንበሩን ወደ ኦሊቮ አስጠግቶ። «ያሳዝናል፤ እኔም አዝኛለሁ። ውሉን የሚነካ ነገር ግን የለም። ራዳሜስ፣ አንተ ምንም አትበል። ስድሳ ስድስት ሚሊዮን ነው። ብዕሩ ያው።»

ኦሊቮ ብዕሩን አነሳ። ታትል በዓይኑ «ፈርም» አለው። ኦሊቮ ግን ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ።

«ትሬቨር፣ እጅህን ዘርጋና ጣቶችህን አሳየኝ» አለ።

ሃሊደይ ግራ ገብቶት ከጠረጴዛው ማዶ አራት ጣቱን አነሳ። በመካከላቸው ሁለት ክንድ አይሞላም።

«አነሳህ?» አለ ኦሊቮ።

ለሜይ ዓይኑን ጨፈነ። ሃሊደይ እጁን ማውረድ አቃተው።

«ከነሐሴ ጀምሮ ጨለማ ነው» አለ ኦሊቮ፣ መዳፉን ሳያነሳ። «የዓይን ምርመራውን የፊደል ሰሌዳ በቃሌ ነው ያነበብኩት። ዶክተሩ ገብቷቸዋል። እኔ ብጥልህ ይህ ከተማ አያኖረኝም ብለው ፈረሙ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ለምኖኛል። ኳስ ራስህን ብሎህ በቃሬዛ ሳትወጣ በእግርህ ውጣ አለኝ። ሌላ አሰልጣኝ አመጣለሁ ብዬ አስፈራራሁት። ይጻፉት፣ ሳጅን።»

ዶሎረስ ጻፈች።

«ጉልበቱ ነው ይበሉ፣ በክብር ይውጣ ብዬ ነው ዶክተሩን የለመንኳቸው» አለ ታትል፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ዓይን ከዚህ ዕድሜ በኋላ ያው ነው ብለው ሳቁብኝ። ይቁሙና ይዩት አልኳቸው። ሦስቱን ዝቅ አድርጌ ወረወርኩ። አራተኛዋ ከእጄ አፈተለከች፤ እሳቸውም አላዩዋትም።» ወደ ኦሊቮ ዞረ። «ለምን ተናገርክ? እኔ እንደሆነ ያው አርጅቻለሁ። አንተ ተፈርሞልህ ነበር እኮ።»

ኦሊቮ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ከሽማግሌው በስተግራ ተቀመጠ፤ በሚያየው ዓይኑ በኩል እንዲሆንለት።

«ዶክተሩ የሞቱት እኔ እቆምበታለሁ ብዬ ልፈርም በነበረው ቦታ ላይ ነው» አለው።

ለሜይ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር ገፋው። በረዶው ይዞታል፤ ተመልሶ ተቀመጠ።