የግቢው ነፋስ

«እስቲ እፍ በይባት» አለ ሳህሌ፤ ሌንሳ ግን አልሳቀችም። አብረው የሠሯት የነፋስ ተርባይን ክንፎች በዝግታ ይዞራሉ፤ አምፖሏ ግን እንደ ጨለመች ናት። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ገምጋሚ ወይዘሮ ሥርጉት እነርሱ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ትናንት ኮዬ ፈጬ፣ ሁለቱም በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ፣ ይህችው ተርባይን እየጮኸች ዞራ አምፖሏን ቦግ አድርጋት ነበር። ሌንሳም በማሳያ ካርቶኑ ላይ የጻፈችው የትናንቱን ልክ ነው፦ ስምንት ዋት። የትምህርት ቤቱ ግቢ በረጅም የብሎኬት አጥር መከበቡን ሁለቱም አላሰቡትም።

የሌንሳ እናት አደሴ ከቂሊንጦ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥተው፣ የፋብሪካ ጋዎናቸውን እንደ ለበሱ አጥሩ ሥር ቆመዋል። በውድድሩ አንደኛ የወጣ አዳሪ የሳይንስ ትምህርት ቤት በነፃ ይገባል። «ካልሆነ ግን ልጄ፣ ከሐምሌ ጀምሮ አብረን የፋብሪካውን ሰርቪስ እንሳፈራለን። ወንድሞችሽን ብቻዬን አልቻልኳቸውም» ብለዋታል።

«ትልቅ ጄኔሬተር ብንገጥምላት ኖሮ…» አለ ሳህሌ።

«ነፋሱ ያላመጣውን ጄኔሬተሩ ከየት ያመጣል? ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ አንድ ስምንተኛ ነው የሚሆነው። እዚህ ደግሞ ከግማሽም በታች ነው። ከሚመጣው ላይ እንኳ ሁሉንም መውሰድ አይቻልም፤ ክንፎቹን ያለፈው ነፋስ ካልወጣ የሚመጣው መግቢያ ያጣል።»

«በቃ ፊዚክሱን ተይው» አለ ሳህሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከካርቶኑ ሥር ባትሪ ደብቄያለሁ። ገምጋሚዋ ሲመጡ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ማብሪያ በእግሬ እጫናለሁ። ማንም አይነቃብንም።»

«ሳህሌ…»

«ፋራ አትሁኚ። እናትሽን እያቸው፤ እንደ ቆሙ እንቅልፍ ሊጥላቸው ነው።»

አየቻቸው። አደሴ እጃቸውን አውለበለቡላት። ከበላያቸው ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል እንኳ እምብዛም አይነቃነቅም። ፈጣሪ ለዚያች ሰዓት፣ ለዚያ ግቢ ሰፍሮ የሰጠው ነፋስ ይኸው ብቻ ነበር።

«እሺ ልጆቼ፣ ስንት ዋት ታመነጫለች?» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት።

የሳህሌ እግር ተንቀሳቀሰ። ሌንሳ ጎንበስ ብላ ከባትሪው የሚመጣውን ሽቦ ነቀለችና በመዳፏ ጠቀለለችው። ከዚያም መለኪያውን አንብባ፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን ስምንት ሰረዘችው።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው። ስምንቱ የጣሪያችን ነበር።»

«ጣሪያው ላይ ሲለካ ያየ መምህር አለ?»

«የለም።»

ወይዘሮ ሥርጉት አንዲት አጭር ነገር ጽፈው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ።

«ጨረስሽን» አለ ሳህሌ፤ ፊቱን አዞረባት።

ሌንሳ ሽቦውን እንደ ጨበጠች ወደ አጥሩ ሄደች።

«አለቀ እንዴ? ምን አሉሽ?» አሉ አደሴ።

ሌንሳ የእናቷን ቦርሳ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው።

«እማዬ፣ ሰርቪሱ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»