ያልተቀመጠችው ጋላቢ

የንጋቱ ቀንድ በተሰረቀ ማግሥት በሰናፍር ሰማይ ላይ አንድም ክንፍ አልታየም። ከዚያ በፊት ማለዳ ማለዳ ቀንዱ ሲነፋ ክንፋሞቹ ዋልያዎች ከተራራው ጫፍ እየተግተለተሉ ይወርዱ፣ ጋላቢዎቻቸውን ይዘው የመንግሥቱን ድንበር ይዞሩ ነበር። በዋዜማው ግን ግራጫ ጉም በቤተ መንግሥቱ መስኮት ገባ፤ ቀንዱን ከተሰቀለበት አውርዶ ይዞት ሄደ። ጠባቂዎቹን ድንገት ድካም ተጫናቸውና ለአፍታ አረፍ ልበል ብለው ተቀመጡ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ከነጦራቸው ድንጋይ ሆነው ተገኙ። ሽማግሌዎቹ ይህ የማን ሥራ እንደ ሆነ ለመናገር አላመነቱም። ከምድር በታች፣ መጨረሻው በማይታይ ደረጃ ግርጌ የሚኖረው ዘንዶ የቆፈን ሥራ ነበር።

ንጉሥ ሐልዮን ምርጥ ምርጥ ጎበዞቻቸውን ወደ ደረጃው ላኩ። ጎበዞቹ እየፎከሩ ወረዱ። አልተመለሱም።

አዝሜራ ይህን ወሬ የሰማችው ከሐይቅ ውስጥ ሆና ነው። ሐይቅ ውስጥ ምን ትሠራ እንደ ነበር ለመናገር ግን አስቀድሞ የሰናፍርን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር ንጉሡን ሲያገለግል ጉልበቱ ወይም ዳሌው ለተሰበረ ወጣት የክብር ወንበር ይሰጠዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት እግሩ መሬት አይነካም። ተሸካሚ ይመደብለታል፣ ጮማ ይቆረጥለታል፣ ባለፈበት ሁሉ ሕዝቡ ብድግ ይልለታል። ይህን የሚያደርጉት ከልብ በሆነ ፍቅር ነው። በዚህ ፍቅራቸው ስንቱን ጎረምሳ ወንበር ላይ አሟሽሸው እንደ ቀበሩት ግን ልብ ያለ አልነበረም።

አዝሜራ ጸዳል ከሚባለው ዋልያዋ ጀርባ የወደቀችው ገና ከሃያ ዓመቷ ብዙም ሳታልፍ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ተሰበሩ፣ ቀኝ ትከሻዋ ከቦታው ወለቀ። ወጌሻዋ እማማ ዝናር አጥንቷን ገጥመው ሲጨርሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «አጥንቱን እኔ ገጥሜዋለሁ። ሥጋውን የምታበረቺው ግን አንቺ ነሽ» አሏት። ወዲያው ወንበሩ መጣ፣ ክብሩም አብሮ መጣ። አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጣ ጭኗ እየሰለለ ሲሄድ አየች። ከዚያ አንድ ቀን ተሸካሚዋን ጎርዳምን፣ «ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር አውርደኝ» አለችው።

ጎርዳም ቁመቱ አጭር፣ ጫንቃው የበሬ፣ ነገር የማያልቅበት ሰው ነበር። «እመቤቴ፣ አንቺ በእግርሽ ከሄድሽ እኔ ምን ልበላ ነው? እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው እኮ» አላት። እንዲህ እያለም አወረዳት።

ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ሰውነቷ ቀለላት። እዚያ ውስጥ መቆምን፣ መራመድን፣ ወደ ኋላ መሄድን እንደ ሕፃን ተማረች። እየበረታች ስትሄድ ከውሃው ወጥታ ጀርባዋን ግንብ ላይ አስደግፋ ጉልበቷን ቀስ እያለች ታጥፍና ትዘረጋ ጀመር። እግሯ ላይ የአሸዋ ከረጢት አስራ ታነሣለች፤ ለትከሻዋ ደግሞ የታንኳ ገመድ ትጎትታለች። አላፊ አግዳሚው ከንፈሩን ይመጥላታል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። አንድ ጊዜ እንደ ጥንቱ ልሩጥ ብላ ጉልበቷ አብጦ ተኝታ ሰነበተች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ ሕመም ሁለት ዓይነት መሆኑን ለየች። ሥራ የበዛበት ሥጋ የሚያጉረመርመው አለ፤ መገጣጠሚያ «ተይ» ብሎ የሚጮኸው ደግሞ አለ። ለሚያጉረመርመው አትቆምም፤ ለሚጮኸው ትቆማለች።

ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ በመጪው ጸደይ ጸዳልን እንደገና መጋለብ። ዋልያ ኮርቻ አይወድም፤ የሚጋለበው ጎድኑን በጉልበት አጥብቆ በመያዝ ነው። ጉልበቶቿ ለዚህ ሊበቁ ጥቂት ሲቀራቸው ነው እንግዲህ ቀንዱ የተሰረቀውና ዋልያዎቹ የቀሩት።

በእግሯ ወደ ዙፋኑ ፊት ስትገባ መኳንንቱ ተንጫጩ። ንጉሡ አልተቆጡም። ፊታቸው አዘነ።

«ልጄ፣ ለእኛ ስትይ ወድቀሻል፤ ከዚህ በላይ ማንም አይጠይቅሽም። ደክሞሻል፤ ተቀመጪ» አሏት።

«ንጉሥ ሆይ» አለች አዝሜራ፣ «ወንበሩን የሰጡኝ በፍቅር ነው፤ እኔም በፍቅር እመልሰዋለሁ። የላኳቸው ጎበዞች ከእኔ ይበረታሉ። ዳሩ ግን ሁሉም የለመዱት ዳገት መውጣት ነው። ጉልበትን የሚፈትነው ቁልቁለት መሆኑን ያወቀ ከመካከላቸው አልነበረም። እኔ ከወደቅሁ ጀምሮ የተማርሁት እሱን ነው። ሐልዮን ይሙት፣ ቀንዱን ሳልይዝ ከፊትዎ አልቆምም።»

በንጉሡ ስም የተማለ አይሻርምና ፈቀዱላት። ጎርዳምም፣ «ሥራ ፈት ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ የትም አታመልጪኝም» ብሎ የወንበሩን ጠፍር እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተከተላት።

ደረጃው ሰፊ፣ ቀዝቃዛና ጭር ያለ ነበር። አዝሜራ ዱላዋን ታስቀድማለች፣ ሰውነቷን በጎን ታዞራለች፣ አንዱን እግር ሳታረጋጋ ሌላውን አታነሣም። ሲደክማት ቆማ ትተነፍሳለች እንጂ አትቀመጥም። ጎርዳም ግን ድብ ድብ እያለ ይወርድና ከታች ሆኖ ይጠብቃታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ» አላት፤ «አንቺን ግን እንቁላሉም ቀድሞሻል።»

«ስንመለስ እንነጋገራለን፣ ጋሼ» አለችው።

ወደ ታች በዘለቁ መጠን በደረጃው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ድንጋዮች በዙ። የንጉሡ ጎበዞች ነበሩ። አብዛኞቹ የደረቁት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ ነው። አዝሜራ ስታያቸው ነገሩ ገባት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበታቸው ሲያጉረመርም የተሰበሩ መስሏቸው ደንግጠው ተቀመጡ፤ የተቀመጠውን ደግሞ የቆፈን ጉም አገኘው። እያለቀሰችም ቢሆን መውረዷን አላቋረጠችም።

ከግርጌው ላይ ዘንዶው እንደ ኮረብታ ተጠቅልሎ ነበር፤ ቀንዱ ከጥቅልሉ መካከል ያበራል። ቆፈን እሳት አልተፋም፣ አላፏጨም። በሚያሳዝን የሽማግሌ ድምፅ ተናገረ።

«ደክሞሻል፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

አዝሜራ የፈራችው ይኼኔ ነው። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም፤ ጉልበቷም በእውነት ደክሟል።

«ስንት ዓመት ልትታገይ ነው? እንደ ድሮሽ እንደማትሆኚ ልብሽ ያውቀዋል» አላት ዘንዶው።

«አውቀዋለሁ» አለች አዝሜራ። «እኔ የመጣሁት ቀንዱን ልወስድ ነው።» ይህን ስትል ዝም ብላ ቆማ አልነበረም የምትናገረው፤ እንደ ግንቡ ሥር ልማዷ ጉልበቷን ቀስ እያለች ታጥፍና ትዘረጋ ነበር። ዘንዶውን ዙሪያውን አስተዋለችው። ቅርፊቱ ላይ ሽበት በቅሏል፤ የአከርካሪው መጋጠሚያ ሁሉ ዝጎ ተጣብቋል። «አንተስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣኸው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

አዝሜራ ጥቅልሉን በጥንቃቄ ተሻግራ ቀንዱን አነሣች። ዘንዶው ሊፈታ ታገለ፤ አጥንቱ ሲንቋቋ ዋሻው ተናወጠ፤ ግን ከተጠቀለለበት ንቅንቅ ሊል አልቻለም። የቀረው ጉሙ ብቻ ነበርና እሱን ከኋላቸው ለቀቀው።

መውጣት ጀመሩ። የደረጃው አፍ እንደ ብርሃን ነጥብ ከሩቅ ሲታይ ጎርዳም ድንገት ከደረጃው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለ። እየሮጠ የወረደው ቁልቁለት አሁን ሂሳቡን እየጠየቀው ነበር።

«ይኼ ጉልበት እኮ አሞኝ አያውቅም» አለ ግራ ገብቶት። ጉሙ ደርሶበታል፤ የእግሮቹ ጣቶች ግራጫ መምሰል ጀምረዋል። «እመቤቴ፣ ውጪ። ሰናፍር ትበልጣለች።»

«ሰናፍር ቀንዷን ታገኛለች። አንተን ግን ለዚህ እባብ አልተውም። ጠፍሩን በወገባችን አዙረህ እሰር።»

«በጸደይ ልትጋልቢ አልነበር? እኔን ተሸክመሽ ያ ጉልበት አይተርፍም።»

«አውቃለሁ። እሰር።»

አዘለችው። መጀመሪያ ጉልበቷ አጉረመረመ፤ ወጣች። ከዚያ የቀኙ «ተይ» ብሎ ጮኸ። ይህን ድምፅ ሁልጊዜ ስትታዘዘው ኖራለች። አሁንም ጥርት አድርጋ ሰማችው፤ የሚያስከፍላትን ሁሉ ቆጥራ አንድ እግር ጨመረች። ከደረጃው አፍ ጥቂት ሲቀራት ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። በእግሯ መውጣት ሲያቅታት ደረጃውን በእጇ ያዘች፤ ያ የታንኳ ገመድ ሲጎትት የከረመ ትከሻ ሁለቱንም እየጎተተ ከፀሐይ አደረሳቸው። ቀንዱን በጀርባዋ ተንጋላ ነፋችው። ጉሙ ተበተነ፣ የጎርዳም ጣቶችም መልካቸውን መለሱ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ በክንፍ ተሞላ።

እማማ ዝናር ጉልበቱን ለረጅም ጊዜ ዳበሱት። «መራመዱን ትራመጃለሽ» አሏት በመጨረሻ፤ «ዋልያ ግን አይይዝልሽም፣ ልጄ።» አዝሜራ በሰው ፊት፣ ሳትደበቅ አለቀሰች። ንጉሡ አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ተቀመጪ አላሏትም። እብጠቱ ሲጎድልላት እንደገና ወደ ሐይቁ ወረደች፤ በዚህ ጊዜ ግን ብቻዋን አልነበረችም። የክብር ወንበር ላይ የነበሩ ወጣቶች ተሸካሚዎቻቸውን እየተማጸኑ ወርደዋል፤ ጎርዳምም አብጦ የነበረ ጉልበቱን ይዞ ከፊት ቆሞ ሁሉንም ይተርባል።

ጸደይ ሲገባ ዋልያዎች ከጋላቢዎቻቸው የሚገናኙበት ቀን ደረሰ። ጸዳል ከሁሉ ቀድሞ ወርዶ ከፊቷ ቆመ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን ሰጣት። አዝሜራ ግንባሯን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።

«አልችልም። አንተ ግን ብረር፤ ሌላ ጎበዝ ጋላቢ ይሰጡሃል» አለችው። ዱላዋን ይዛ ወደ ቤቷ ቁልቁል መንገድ ጀመረች።

ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ጸዳል ክንፎቹን አጥፎ በአቧራው ላይ እየተደነቃቀፈ ይከተላታል። ይህን ያህል በእግሩ ሄዶ አያውቅም።

«ይኸም በእግር መሄድ ሊማር ነው» አለ ጎርዳም። «ቁልቁለቱ ላይ እንዳይቸኩል ንገሪው፤ እኔን ያየ ይቀጣ።»

አዝሜራ ሳቀች። ሰውነቷን በጎን አዞረች፣ ዱላዋን አስቀደመች፣ ከዚያም ዋልያው እንዲያይ ብላ አንድ እርምጃ በቀስታ ወረደች።