ዙምባራውን የቆረጠው እጅ

የፕሮግራም ኃላፊው ጀዕፈር በሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ የማይክሮፎን ሽቦ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ሞቶ ተገኘ። ካሴቱ ግን ይዘፍን ነበር። ክልሉም አዲስ፣ ጣቢያውም አዲስ፤ አሶሳ እንዲህ ያለ ጉድ አይታ አታውቅም።

ያገኘችው ከሟቹ ጋር የጠዋቱን የሽማግሌዎች ሰዓት የምትሠራው ዐዋጢፍ ናት። ፖሊሶቹም እሷኑ በካቴና አሰሯት።

«ወላሂ አልገደልኩም! አርፍጄ ስገባ ሞቷል። ብታሰር ልጄን ማን ያጠባል?»

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ ማንጠግቦሽ ጩኸት ሰምታ ወደ በሩ ወጣች። የጠዋቱ ሰዓት የዘወትር አድማጭ ሼህ ማህጁብ ከዘራቸውን እየነቀነቁ ቆመዋል።

«ምን ፈልገው ነው፣ አባቴ?»

«ልከስ ነው! ዛሬ ጠዋት የመለከታችንን ዘፈን፣ ዙምባራን ጀመረ፣ ሆዴ ሲሞቅ ቆረጠ። ሌላ ጀመረ፣ እሱንም ቆረጠ። የኛ ዘፈን ሸንኮራ ነው እንዴ?»

«ጀዕፈር እንዲህ ያደርጋል?»

«እሱ? አንድ ቀን አድርጎ አያውቅም! እስኪያልቅ ይተዋል።»

ማንጠግቦሽ ተመለሰች። ሬሳው ወጥቷል። የቀትሩን የአባወራና የእማወራ ሰዓት የሚሠራው ዳበሳ፣ የወጣቶቹን የሚሠራው ኢዘዲን፣ ሁለቱም «ቤቴ ነበርኩ» ብለዋል። ተራርቀው ነው የተቀመጡት፤ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል!

«በየተራ የሽማግሌዎቹን ካሴት አጫውቱልኝ።»

«እሱ በሞተበት ወንበር?» አለ ዳበሳ።

«በሞተበት ወንበር።»

ዐዋጢፍ በታሰረ እጇ ከፈተች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀች። ዳበሳም ላቡን እየጠረገ ጠበቀ። ኢዘዲን ተቀመጠ። ዙምባራው ገና ሞቅ ሲል ጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገና ወደ ሌላ ዘፈን ዘለለ። ቀና ሲል ሁሉም እያዩት ነው።

«ጣቢያው ዝም ቢል ሰው ይመጣል» አለች ማንጠግቦሽ። «ስለዚህ ገዳዩ ዱካውን እስኪያጠፋ እዚሁ ቁጭ ብሎ አጫወተ። ዐዋጢፍ የሽማግሌ ዘፈን አትቆርጥም። ዳበሳም በዘፈን መሃል የአድማጭ ሰላምታ ያነባል እንጂ አይቆርጥም። የወጣት ሰዓት ግን ልጆቹ እንዳይሰለቹ ግማሽ ላይ ይዘለላል። ሰው ሲፈራ እጁ የለመደውን ነው የሚሠራው። ኢዘዲን፣ እስቲ እጅጌህን ሰብስብ።»

ክንዱ ላይ የጥፍር ቧጨራ፣ ገና ደሙ ያልደረቀ።

«ጀዕፈር ሰዓቴን ለሽማግሌዎቹ ሊሰጥብኝ ነበር» አለ ኢዘዲን በቀጭን ድምፅ። «ደግሞ የሽማግሌ ዘፈን ማን ልብ ብሎ ይሰማል ብዬ...»

«እኔ» አሉ ሼህ ማህጁብ ከበሩ።

ማንጠግቦሽ ካቴናውን ከዐዋጢፍ ፈትታ ኢዘዲን ላይ ቆለፈች። ዐዋጢፍ ግን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ እንደለጠፈች ቀረች።

«መጀመሪያ እሱን አውጡልኝ» አለች።