መብራት የመጣ ጊዜ

ሽማግሌው ደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንገቱ አለቦታው ተጠምዝዞ ተገኘ። በቀኝ እጁ የእጅ ባትሪ እንደጨበጠ ነው፤ ባትሪው ይበራል። ከራሱ በላይ የተንጠለጠለው አምፖልም ይበራል። በሕይወት ሳለ አንድ ቦታ ላይ ሁለት መብራት በርቶ ካየ ቤቱን ቀውጢ የሚያደርግ ሰው ስለነበር፣ ይህን ቢያይ ሞቱን ትቶ ስለ ቆጣሪው ይጮህ ነበር።

መርማሪዋ ሁለቱን መብራቶች ተራ በተራ አየቻቸው። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ቅጥነቷን አይተው አይደለም፤ ሞላ ያለች ሴት ናት። የገባችበትን ነገር ሳትበሳ አትወጣም ብለው ነው እንጂ።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ ቆሞ። «ልጆቹ የገፋችው ሚስቱ ናት ይላሉ። አለቃም ይዛችኋት ኑ ብሏል።»

«አለቃ ደረጃውን አይቶታል?»

«እሱማ አላየውም።»

«እንግዲያው እኛ እንይለት።»

ደረጃው ጠባብና መስኮት የሌለው ነው፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ያለ መብራት ዓይን ቢወጉ አይታይም። አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዕድሜው የገፋ ኮምፒውተር ያጓራል፤ ከሱ የወጡ ገመዶች ግድግዳውን ተከትለው ወደ ታች ይወርዳሉ። ወለሉ ላይ መዶሻ ወድቋል። ኪቦርዱን ያለበሰው አቧራ ስም የሚጻፍበት ነው። ከላይኛው ረድፍ አንዲት ቁልፍ ብቻ አቧራ የላትም፤ ጽሑፏ እስኪጠፋ ተሻሽታ ታብረቀርቃለች። መርፌ እጇን ኪሷ ከትታ ጎንበስ ብላ ስታያት ቆየች።

«ከዚህች ቁልፍ አሻራ ይነሳ» አለች።

«ውጤቱ እኮ ሳምንት ይፈጃል።»

«ይፍጅ።»

ታች ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ጥግ ይዘዋል። አስከሬን ያለበት ቤት ሰው ይጠጋጋል፤ እነዚህ ግን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ የተጠየፈ ይመስላሉ። መስኮቱ ጋ የሟች ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች፤ አግብታ ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። በሩ ጋ ወንድሟ፣ መነጽር ሠሪው፣ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፤ አርባ ሊሞላው ነው፣ ሱቁም መኝታውም አባቱ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ጋ ደግሞ የሟች ሁለተኛ ሚስት አለች። ወደዚህ ቤት ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ የገበያ ዘንቢሏ ገና እግሯ ሥር ነው።

«እኛን ምን ይጠይቁናል?» አለች አስተማሪዋ። «ገዳይዋ እቻትና፣ ዘንቢሏን ይዛ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ እግዜርን ፍሪ» አለች ሚስትየዋ።

«አንቺ ልጅ? ማን ናት ልጅሽ? የእናቴ አልጋ ላይ ስለተኛሽ እናት የሆንሽ መሰለሽ?»

መርፌ ስድቡ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። «ይሄ ሁሉ ስልክ ምንድን ነው?» አለች ግድግዳውን እያየች። «መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ተሰቅሎ አየሁ።»

መነጽር ሠሪው መለሰ። «አባቴ ከአንድ የተዘጋ ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶ የቤት የስልክ ሰርቨር አደረገው። በኢንተርኔት ነው የሚሠራው። ከውጭ የሚደወለውም፣ ከክፍል ክፍል የሚደወለውም በሱ ነው የሚያልፈው። አልጋው ላይ ሆኖ ያዝዘናል። ሻይ። መስኮት ዝጉ። ለምን ዘገየህ።»

«ማን ተከለው?»

«እሱ መመሪያውን እያነበበ ይጮሃል፣ እኔ ገመድ እጎትታለሁ። ዘርግቼ አስረከብኩት፤ ከዚያ ወዲህ እጄን አላሳረፍኩበትም።»

«ለሥርዓት ብሎ ነው ያስገባው» አለች እህቱ። «አባዬ ጉልበቱን ታሞ ደረጃ መውጣት ቢያቅተው እንኳ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ይዞት ነበር። ማን ከማን ጋር ምን እንደሚያወራ ሰምቶ ያርማል። ወንድሜንስ ከስንት ጉድ ነው ያወጣው? ያቺን ላግባት ያላትን ሴትዮ ባለፈው ሳምንት ራሱ ደውሎ ልክ ልኳን ነገራት። ይኸው ድምጿም የለ።»

መነጽር ሠሪው የጠራውን መነጽር እንደገና ጠረገ።

«እርስዎ ነገሩን የሰሙት የት ሆነው ነው?» አለቻት መርፌ አስተማሪዋን።

«ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው እሷ የደወለችልኝ። ስልሳ ተማሪ ምስክሬ ነው።»

ከዚያ መርፌ ሚስትየዋን ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«ከቤት ሲወጡ መብራት ነበር?»

«አልነበረም። ጠዋት ነው የጠፋው። ስመለስ ግን መጥቷል፤ ደረጃው በርቶ ነው ያየኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ጮህኩ። የሰማኝ የለም። የሳሎኑን ስልክ አንስቼ ለልጃቸው ደወልኩ።»

«በእጅ ስልክዎ አይደውሉም ነበር?»

«የእጅ ስልክ ከየት አምጥቼ? ቤት ውስጥ ስልክ አለ ብለው ወሰዱብኝ። እናቴን ሳናግር እንኳ መስመሩ ላይ ሲተነፍሱ እሰማቸዋለሁ።»

«ስልኩ ወዲያው ሠራ?»

«አዎ። መብራት ካለ ይሠራል።»

«መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ፣ ማን ያስነሳዋል?»

ጥያቄው አልገባትም። «ማን ያስነሳዋል? መብራቱ ነዋ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይወስዱኛል አይደል? አንዴ ከወጣሁ እነዚህ መልሰው አያስገቡኝም፤ መሄጃም የለኝም። ግን አልገፋኋቸውም። ስንቴ ተመኝቻለሁ፣ አልዋሽዎትም። አልገፋኋቸውም።»

መርፌ መሐላ የምታምን ሴት አይደለችም። ስንቴ ተመኝቻለሁ ያለችውን ግን አመነቻት።

የመነጽር ሱቁ የቤቱን ፊት ለፊት ይዟል። የጓዳ በሩ ሲከፈት የሚያወጣው ቀጥ ብሎ ደረጃው ግርጌ ነው፤ ከወጥ ቤቱም ከሳሎኑም አይታይም።

«እስኪረፋፍድ እዚሁ ነበርኩ፤ ከዚያ ዘግቼ ወጣሁ» አለ መነጽር ሠሪው። «መብራት ከሌለ መቁረጫው አይሠራም፤ መስታወት ስወለውል ነበር። የጓዳውን በር አልከፈትኩም። ምንም አልሰማሁም።»

«ላይ ያለው መዶሻ የማን ነው?»

«የቤቱ ነው። አባቴ ኮምፒውተሩን ሊጠግን ይዞት ወጥቶ ይሆናላ።»

«ኮምፒውተር በመዶሻ?»

መነጽር ሠሪው ትከሻውን ሰበቀና ወደ መስታወቱ ዞረ።

በማግስቱ ቤተሰቡ ቀብር ላይ ሳለ መርፌ ላይኛዋ ክፍል ገብታ ሳጅኑን ቆጣሪው ጋ አቆመችው። መብራቱን አጥፍቶ መልሶ አበራላት። ኮምፒውተሩ እያጓራ ተነሳ፤ ተነሳና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ እንደጠፋበት የሚናገር፣ ለመቀጠል ቁልፍ ተጫኑልኝ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሆዱ ውስጥ ሰዓቱን የምትይዝለት የሳንቲም ያህል ባትሪ ከሞተች ቆይታለች። መርፌ የክፍሏን ስልክ አነሳች፤ ዝም። የተሻሸችውን ቁልፍ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ተጫነች። ኮምፒውተሩ መንገዱን ቀጠለ፣ ጥቂት ቆይቶም ስልኩ ድምፅ ሰጠ።

«እና ሴትዮዋን እንያዝ?» አለ ሳጅኑ ከታች።

«ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው እንይዛለን። አንተ ግን ከቆጣሪው አትራቅ፤ የምታደርገውን እነግርሃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ጥጋቸውም ያው የትናንቱ ነው። መርፌ ልትናገር ስትል መብራት ጠፋ። የወጥ ቤቱ ፍሪጅ ጸጥ አለ።

«ይኸው ደግሞ» አለች አስተማሪዋ።

«ለወሬ መብራት አያስፈልግም» አለች መርፌ። «አባታችሁ የሞቱት በጨለማ ነው። ባትሪ አብርቶ ደረጃ የሚወጣ ሰው መብራት ስለሌለው ነው። አምፖሉ የበራው እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው። ደረጃ መውጣት ያቆሙ ሰው በጨለማ ለምን ወጡ? ላይ ሌላ ሰው ስለነበረ። ያ ሰው መዶሻ ይዞ ነው የወጣው፤ በመዶሻ ኮምፒውተር አይጠገንም፣ ይሰበራል እንጂ። ሰሙት፣ ተከተሉት፣ አናቱ ላይ ተገናኙ።»

«እሷ ናታ» አለች አስተማሪዋ። «ያንን ስልክ እንደሷ የጠላው የለም።»

«ይቆዩ። ኮምፒውተሩ አልተሰበረም። ይባስ ብሎ እየሠራ ነበር። ይህ ዕቃ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንዲት ቁልፍ ካልተጫኑለት አይነሳም፤ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ባለቤታቸው ከገበያ መጥተው ስልክ ሲያነሱ ግን ሠርቷል። ስለዚህ አባታችሁ ወድቀው፣ መብራት መጥቶ፣ ከዚያ አንድ ሰው ቁልፏን ተጭኗል።»



«አሁን የከበደኝን ልንገራችሁ። ዕቃውን ሊሰባብር የወጣ ሰው፣ ለዚያም ብሎ ሰው የገደለ፣ ያንኑ ዕቃ መልሶ አስነስቶ ይሄዳል? ምን ሊጠቀም? አሰብኩ፤ ምንም አይጠቅመውም። ሰው የማይጠቅመውን ነገር የሚያደርገው ደግሞ...»

ፍሪጁ አጓራ። አምፖሉ በራ።

አስተማሪዋ ቀና ብላ አምፖሉን አየችና ወደ መርማሪዋ ተመለሰች። ሚስትየዋ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። መነጽር ሠሪው ግን ከወንበሩ ላይ የለም። ሲነሳ ለራሱም አልታወቀውም። በሩን ከፍቶ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው የቤቱ ዝምታ የተሰማው። እጁ መደገፊያውን እንደያዘ ደንዝዞ ቀረ።

«...ልማድ ሲሆንበት ነው» አለች መርፌ፣ ተከትላው በሩ ላይ ቆማ። ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እስቲ ስልኩን ያንሱት።»

ሴትየዋ አነሳችው። «ዝም ነው» አለች ግራ ገብቷት። «መብራት እያለ? ትንሽ ይቆያል መሰለኝ።» ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መጠበቅ ጀመረች።

«እኚህ ሴት ቁልፍ መኖሩንም አያውቁም» አለች መርፌ። «አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እጄን አላሳረፍኩበትም ያለን አንድ ሰው ነው። አሻራው ሲመጣ ይናገራል፤ ግን እሱን ስንጠብቅ እኚህን እስር ቤት ማሳደር አልፈለግኩም።»

«ና ተቀመጥ» አለች አስተማሪዋ ወንድሟን፤ ድምጿ ሰለለ። «ዝም ብዬ ነው የተነሳሁት በላት። ሽንት ቤት ልሄድ ነው በላት።»

አልተቀመጠም። ጀርባውን ሰጥቷቸው ደረጃውን እያየ ተናገረ።

«ልሰብረው ነበር የወጣሁት። ላገባት ላልኳት ሴት ደውሎ ያላትን ቃል በቃል ነገረኝ፣ እየሳቀ። ተከትሎኝ ወጣ። ባትሪውን ዓይኔ ላይ አብርቶ፣ ወርደህ ሻይ አፍላ አለኝ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«እዚያው ቆሜ ነበር። መብራት መጣ። መብራት በመጣ ቁጥር ቁልፉን ተጫን ብሎ ከራሱ የእጅ ስልክ በእጅ ስልኬ ይደውላል። እስኪደውል ከጠበቅኩ ስድብ ነው፤ ቀድሜው ነው የምሮጠው። ዕቃው ጉድለት እንዳለበት ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል። ሮጬ ገብቼ ተጫንኩት። ከተጫንኩት በኋላ ነው ስልኬ እንዳልጠራ ያስተዋልኩት።»

ሳጅኑ ከቆጣሪው ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ባትሪዋን ለምን አልቀየራችኋትም?» አለ። «የትም የምትገኝ ናት እኮ።»

«ጠይቄው ነበር። አንተ እያለህ ለምን? አለኝ።»

አስተማሪዋ ወደ እንጀራ እናቷ ዞራ «ደስ ይበልሽ» አለቻት።  ሳጅኑ የመነጽር ሠሪውን እጅ አሰረ። ሊወጡ ሲሉ እስረኛው ቆም አለና ወደ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ቁልፍ እየጠበቀ ወደሚያጓራባት ክፍል አንጋጠጠ።

«እንደቆመ ይቅር?» አለ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ።

«ይቅር» አለችው መርፌ።

ሚስትየዋ አሁንም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነበር። መርፌ ከእጇ ቀስ ብላ ተቀብላ ቦታው መለሰችው።