ፋታ የሌለው ሸክላ

ሸክላ ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ በጎኑ ተጋድሟል። ደሙ ብዙ አልነበረም። ማጅራቱ ከመደርደሪያው የብረት ጠርዝ ጋር አንዴ ተጋጭቷል፤ ያችው በቅታዋለች።

«ሽማግሌ ነው፣ አዳልጦት ይሆናል ብዬ ነበር» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«ያዳለጠው ሰው የገዛ ቁልፉን አይበጥስም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ በሟቹ ሸሚዝ ላይ የተንጠለጠለውን ክር እያሳየችው። «ደረቱን ጨምድዶ የገፋው አለ።»

ለመጠየቅ የምትቸኩል፣ ለማመን ግን የምትዘገይ ሴት ናት። ወደ ማጫወቻው ሄደች። አንድ ሸክላ ተቀምጦበታል፤ መርፌ ያዥ ክንዱ ማረፊያው ላይ ነው። ጎንበስ ብላ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን አነበበች፤ አንደኛው ፊት ይላል።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የልጅ ልጁ ጠዋት ስትጮህበት ሰፈሩ ሰምቷል። ተቆጥታ ሄደች። ከዚያ ሰውየው ሸክላውን ከፍቶ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አባቷና ጋሽ ከበሮ የሚሉት ሽማግሌ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑ እንዳበቃ ገብታ የተገኘችው እሷ ብቻ ናት። የዘመኑ ልጆች ምን የማያደርጉት አለ?»

«አንተስ የየትኛው ዘመን ልጅ ነህ?»

ፖሊሱ አንገቱን አከከ። «ጣቢያ ልውሰዳት?»

«መጀመሪያ ልስማት።»

ልጅቷን ሁሉም ሚጡ ነው የሚላት። ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ከዚህ ወደ እስር ቤት እንደምትሄድ ገብቷታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአልበሜ። ስምንት ዘፈን ሠርቻለሁ። አባባ በሸክላ ይውጣ አለ። እኔ አንድ በአንድ በስልክ ልልቀቀው አልኩ። ዛሬ ማን አልበም ሙሉ ይገዛል? ሰው የወደዳትን አንዷን ይሰማና ያልፋል። ‹አልበም ቤት ነው፤ በሩን ገንጥለሽ ለብቻው አትሸጪም› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩበት።»

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«እሺ ልለው።» ወደ ባንኮኒው ዞራ አየች። «እሺ አባባ፣ እንዳልክ ይሁን ልለው ነበር።»

አባቷ ጠና ያለ ሰው ነው። ሱቁ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ እሱ ግን ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ልጅዎ አያቷን የገደለች ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ሻይ ቤት ነበርኩ። አባቴ በሕይወት ነበር፣ ሸክላው ሲጫወት ስንሰማ ነበር። ጋሽ ከበሮን ይጠይቁት።»

ስለ ልጁ ተጠይቆ ስለ ራሱ መለሰ። ኢንስፔክተሯ ይህን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

ጋሽ ከበሮ የሟቹ የወጣትነት ጓደኛ ነው፤ በጣቱ ጉልበቱን መደብደብ የማይተው አሮጌ ከበሮ መቺ።

«የሚጡ አባትም የሙዚቃ ሰው ነው?» አለችው።

«ድሮ አንድ ካሴት አውጥቶ ነበር። አባቱ መስኮቱ ላይ ሳያወጣለት ቀረ፤ ካርቶኑ እስከ ዛሬ ባንኮኒው ሥር አለ። እኛ የሸክላ ሰዎች ካሴት ስናይ የታሸገ ሳሙና ነበር የሚመስለን።» መሳቅ ጀመረና አፈረ። «ሚጡ ስትጮህ ቀድሞኝ ሮጠ። ልጅቷ ተዝለፍልፋ ነበርና ውሃ ላምጣላት ብሎ ጓዳ ገባ።»

«አመጣላት?»

ጣቶቹ ቆሙ። «ቆይ እስቲ... የለም። ባዶ እጁን ወጣ።»

ኢንስፔክተሯ ጓዳ ገባች። የውሃው ጆግ ሙሉ ነው፣ ብርጭቆው ደረቅ። መደርደሪያው ላይ ያለው አሮጌ ቴፕ ገመዱ እስከ ሱቁ ድምፅ ማጉያ ተዘርግቷል። አቧራው እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ቁልፎቹ ብቻ ንጹሕ ናቸው። የካሴት ማስገቢያው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጓዳው የኋላ በር አለው።

ከግድግዳው ማዶ ባለው ሱቅ አንዲት ልብስ ሰፊ እጅጌ ይዛ ታጉረመርማለች።

«እትዬ፣ ዘፈኑን ሰምተውታል?»

«መስማት? ዕድሜዬን የበላው የሱ ዘፈን አይደል! ያችን የፈረደባትን ሸክላ ነው ያስጮኸው። ሦስተኛዋ ዘፈን ላይ ጭረት አለባት፤ ስትደርስ ትደናቀፍና ‹ነይ፣ ነይ፣ ነይ› ትላለች። ዛሬም እንደ ልማዷ ተደናቀፈች።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ፣ መርፌዬ ክር ሳይገባላት ዋለች!»

«እንዴት?»

«እኔ ክር የማስገባው እሱ ሸክላውን ሲገለብጥ ነው። አንደኛው ፊት ያልቃል፣ ሰውየው ያስላል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ይገለብጠዋል። እጄ የሚረጋው በዚያች ፋታ ነው። ዛሬ ብጠብቅ ብጠብቅ ወይ ፍንክች! አንዱ ዘፈን የሌላውን ጭራ ይዞ ነጎደ። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ሳሉም ተወው እንዴ አልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ያለወትሮዋ ፈገግ አለች። «ይነሱ እትዬ፣ ሱቅ እንሂድ።»

አስከሬኑ ተነስቷል። ሁሉም ባንኮኒውን ከበው ቆሙ።

«ሸክላ ራሱን አይገለብጥም» ብላ ጀመረች። «እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ቢሆን፣ እትዬ ፋታቸውን ያገኙ ነበር፣ እኔም ሁለተኛውን ፊት ወደ ላይ አገኘው ነበር። ያገኘሁት አንደኛውን ነው። ሰፈሩ የሰማው ይህን ሸክላ አይደለም። ያን ጊዜ ሸክላ ሻጩ ሞቶ ነበር።»

«ስልክ ነዋ!» አለ ፖሊሱ። «ስልክ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ...»

«ሚጡ፣ የዚህን ሸክላ ሦስተኛ ዘፈን ከስልክሽ አሰሚን።»

ልጅቷ ፈልጋ ከፈተችው። ዘፈኑ እንደ ዘይት ፈሰሰ፤ የትም አልተደናቀፈም። ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄማ አይደለም።»

«አይደለም። ጭረቱ ያለው እዚህ ሱቅ ሸክላ ላይ ነው። እንግዲህ ጋሼ፣ ከዚች ሸክላ የወጣ፣ ጭረቷን የያዘ፣ ፋታዋን ግን የተወ ነገር ምንድን ነው?»

ጋሽ ከበሮ ፊቱ አመድ መሰለ። «የተቀዳ ካሴት። ረጅሙ ካሴት ባንድ ፊቱ ሸክላውን ሙሉ ይይዛል።»

«እርስዎ ካሴት ይጠየፋሉ። ሚጡ የተወለደችው ካሴት ከቀረ በኋላ ነው።» ወደ ሚጡ አባት ዞረች። እርስዎ ማለቱም ቀረ። «ድሮ ከዚች ሸክላ የቀዳኸውን ካሴት ጓዳው ውስጥ ከትተህ ቴፑን ከፈትክ፣ ለዓይን ማሳቻ ሸክላውን አስቀመጥክ፣ በጓዳው በር ወጥተህ ጋሽ ከበሮ አጠገብ ሻይ ጠጣህ። የካሴት ልጅ ነህና ሸክላ መገልበጥ እንዳለበት ትዝ አላለህም። ሚጡ ስትጮህ ወደ ጓዳ የሮጥከው ለውሃ አይደለም። ኮትህን አውልቅ።»

ሰውየው አላወለቀም። ፖሊሱ እጁን ሰደደና ከውስጥ ኪሱ ካሴቱን አወጣ።

«ልጣላው አልመጣሁም» አለ ሰውየው፣ ማንንም ሳያይ። «የልጅህን አልበም በሸክላ አወጣዋለሁ፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ አለኝ። የኔስ? አልኩት። ሳቀ። ‹እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ አመድ እሳት ሲወልድ ያየሁት ባንተ ነው› አለኝ። ገፋሁት። ተነስ ብለው አልነሳ አለኝ።»

ሚጡ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ እመለሳለሁ ብለህ አላሰብክም አይደል?»

«በፍጹም! ተጣልተሽው ሄደሽ...»

«እሺ። ከመጣሁ በኋላስ? ወስደውኝ ቢሆን ትናገር ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን በእጇ እንደያዘች ጠበቀች፤ በዚያ ሰዓት ለልጁ ቢዋሽላት እንኳ ትፈቅድለት ነበር።

«እንጃ» አለ አባት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እያየችው ወደ ኋላ አፈገፈገችና መንገዱን ለቀቀችላቸው።

«እንግዲያው ይውሰዱህ» አለች።