ከስር የቀረችው መስመር

ሥርጉት «ሌላ ሰው ጻፊበት ያሉኝ ጋሽ ቀናው ናቸው» ትላለች።

ጋሽ ቀናው ደግሞ «እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም። የሴትዮዋን ስም የጠየቀችው እሷ ናት» ይላሉ።

ሁለቱንም ለየብቻ፣ ሳልቸኩል ሰምቻቸዋለሁ። ነገሩ መሆኑን ግን አንዳቸውም አልካዱም።

ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። አቃቂ፣ አስፋልት ዳር ያለች ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ። ውጪው ጠራራ ፀሐይ ነው።

የሱቁ ጸሐፊ ሥርጉት ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ገጽ ከፍታ አታውቅም። እጇ ላይ የመጣላትን የድሮ ጽሑፍ ከፍታ፣ አጥፍታ፣ በላዩ ትጽፋለች። ያን ቀን የከፈተችው የአንድ እድር የቀብር ማስታወቂያ ነበር።

አጠገቧ እማማ ዳሲቱ ተቀምጠዋል። ከኮዬ ፈጬ ነው የመጡት፣ ለመብራት ቆጣሪ ማመልከቻ ሊያጽፉ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ አልቸኩልም» አሏት።

ማስታወቂያውን አጠፋችና ዊንዶውን ልታሰፋ ጥግ ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን ተጫነች። ሰፋ... ሰፋ... ከስር አንድ መስመር ሲቀረው ቆመ።

በቀረችው ክፍተት፣ ከኋላ ጽሑፍ ይታያል።

ከኋላ የተከፈተ ነገር ግን አልነበረም።

«ጀቤሳ ፀሐዩ ዛሬ በ5 ሰዓት ተኩል ስላረፉ...»

ጀቤሳ እዚያው ሱቅ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ባልደረባዋ ነው። አሁን ገና ወረቀት ሊገዛ ወጥቷል።

«ጋሽዬ፣ ጀቤሳ እየቀለደብኝ ነው።»

«ከሥራው ይልቅ ቀልዱ ይቀናዋል» አሉ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ቀናው።

ሪስታርት አደረገችው። ሲነሳ ዊንዶው ራሱ ተከፍቶ ጠበቃት። እንደገና አሰፋችው።

አሁን የቀረው ሁለት መስመር ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የጋሽ ቀናው ስልክ ጮኸ። ከባድ መኪና... ጀቤሳ... አስፋልቱ ላይ...

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቀሩ።

ስክሪኑ ላይ የጀቤሳ ስም የለም። ሰዓቱም ተቀይሯል። «ዛሬ በ6 ሰዓት» ይላል። የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ጠቋሚው ብልጭ... ድርግም...

ማንም ሳይነካው አንድ ፊደል ወጣ።

«ሥ»

አጠፋችው። ተመለሰ።

«ሥር»

ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ስክሪኑ አልጠፋም።

«ጋሽዬ... ስሜ ነው።»

«አየሁት።»

«ምን ላድርግ?»

«ሌላ ጻፊበት» አሉ በሹክሹክታ።

የሌለ ሰው ስም ፈጥራ ጻፈች። ራሱ ተሰረዘ። «ሥርጉ» ሆኖ ተመለሰ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ።

«የማንን ልጻፍ?»

የጋሽ ቀናው ዓይን ብቻ ሄደ... ወደ እማማ ዳሲቱ ወንበር።

ስሟን አጥፍታ «ዳሲቱ» ብላ ጻፈች።

አልተሰረዘም።

ዊንዶው ወደ ታች ወረደ፣ ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ሸፈነ። ጠቋሚው ከስሙ ቀጥሎ ቆመ። የቀረውን ስም ይጠብቃል።

እማማ ዳሲቱ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «አለቀልኝ እንዴ? እድሜ ይስጥሽ።»

ሥርጉት ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አስተካከለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«የእርስዎን ነው የምጽፈው፣ እማማ። የአባትዎንና የአያትዎን ስም ይንገሩኝ... ቀስ ብለው።»