ሁለተኛው ማደብዘዣ

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን በሩ ሥር አስቀመጠች። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ ለድርጭት አቀበለቻት።

«ቶሎ በይ እህቴ። ጥበቃው ዛሬ ዓይኑ ቀልቷል።»

«መስታወቱ ተሰንጥቋል እኮ።»

«ታዲያ ከሱቅ ያመጣሁት መሰለሽ? የባሌ ነው!»

ድርጭት መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆለፈች። ድርጭት የምስጢር ስሟ ነው። ፖሊስ ናት፤ እዚህ ድርጅት የአፕ ሞካሪ መስላ ተቀጥራለች። ዛሬ ችሎቱ በድርጅቱ አፕ ይተላለፋል። ተከሳሾቹ የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው፤ ግብረ አበሮቻቸውም በየስልካቸው ያያሉ። አፑ የምስክሩን ድምፅ ይለውጣል፤ ፊቱን ያደበዝዛል።

ምስክሩ ታናሽ ወንድሟ ነው። የነጋዴዎቹ ሾፌር ነበር።

ሞካሪዎቹ ሁሉ አፑን የሚፈትሹት ድርጅቱ በሰጣቸው ውድ ስልክ ነው። በእሱ ላይ እንከን አይታይም። ሌላ ስልክ ማስገባት ክልክል ቢሆንም አሮጌ ስልክ ያስፈለጋት ለዚህ ነው። የልምምዱን ቪዲዮ ከፈተች። ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው።

ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ።

በብልጭታው መሀል የወንድሟ ፊት ወለል ብሎ ታየ።

ስልኩን ጨርቁ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች።

ሁለት ማደብዘዣ ተደራርቧል። ጽሑፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አሮጌው ስልክ ሁለቱንም እንደገና መሥራት ያቅተዋል። ሲያቅተው ፊቱን ገልጦ ያሳያል።

ለአጎት ደወለች። አጎት የፖሊስ አለቃዋ የምስጢር ስም ነው።

«ማደብዘዣው ይርገበገባል። ፊቱ ይታያል።»

«በአዲሱ ስልክ እዪው።»

«ሰው ሁሉ አዲስ ስልክ አለው እንዴ? ላስተካክለው ነው።»

«ሁለተኛውን እንዳትነኪ!»

ሁለት መሆኑን አልነገረችውም።

«ያስደረቡት እርስዎ ነዎት?»

«ነጋዴዎቹ ልጄን ይዘውብኛል» አለ። «ምን ላድርግ?»

«ወንድሜን ሸጥከው።»

አንቱታው ቀረ።

ሁለተኛውን አጠፋች። ብልጭታው ቆመ፤ የቀረው ማደብዘዣ ግን ስስ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ይለየዋል። እሱንም አነሣች። በምትኩ ምንም የማያሳልፍ ግራጫ ክዳን አደረገች። በአሮጌው ስልክ ጽሑፉን ገፋች። ደጋግማ ገፋች።

አልተርገበገበም።

አንድ ነገር ቀረ። በድርጅቱ ደንብ፣ በችሎት ቀን አፑን የሚለውጥ ሰው ፎቶ ይነሣል። ፎቶው ወዲያው በሠራተኛው ሁሉ ስክሪን ላይ ይወጣል። ከሠራተኞቹ መካከል ደግሞ የነጋዴዎቹ ሰው አለ።

ችሎቱ ሊጀመር ነው።

ነጋዴዎቹ የያዙት የአለቃዋ ልጅ ትዝ አላት። ጣቷን ለውጡን የሚልከው ቁልፍ ላይ አደረገች።

«ይቅር በለኝ የኔ ጌታ» አለችው ልጁን በልቧ። ተጫነችው።

ፎቶዋ በየስክሪኑ ወጣ፤ ከኋላዋ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ዞራ አላየችም። በደረጃው ወረደች።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሰዎች አንድ ስልክ ከበው ቆመዋል።

«ምን ዓይነት ችሎት ነው? ግራጫ ብቻ!»

«ተወው፣ አይታይ። የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው» አሉ አንዲት አሮጊት።

ድርጭት በትከሻቸው አሻግራ አየች። የተለወጠው ድምፅ ያለማቋረጥ ይናገራል። የነጋዴዎቹን መጋዘኖች አንድ በአንድ እየጠራ ነው።

«ታውቂዋለሽ እንዴ ልጄ? ዓይንሽ እንባ አቀረረ።»

«አላውቀውም እማማ።»

አውቶቡስ መጣ። የት እንደሚሄድ ሳትጠይቅ ተሳፈረች።